የተከረከመ ጠርዝ

ልጆች ሳለን ብይና ቆርኪ ስንለዋወጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። የተሰነጠቀ ብይ በመዳፉ ሸፍኖ የለወጠ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያጫውተው አያገኝም። ይህ ሕግ ትዝ ያለኝ የአንዲት አሜሪካዊት ካርድ ታሪክ ሳነብ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርዷ 4 በ7 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማትሞላ ብጣሽ ወረቀት ናት። አሜሪካን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ድረስ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ምስል በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየጨመረ ያወጣ ነበር። የፒትስበርጉ ኮከብ የሆነስ ዋግነር ካርድ ግን ብዙም ሳይታተም ቀረ። ገሚሱ ሰው «ልጆች በእሱ ምክንያት ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ነው» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «ክፍያ ስላልሰጡት ነው» ይላል። ያም ሆነ ይህ ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው 60 ገደማ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አንዷ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች።

ብጣሽ ወረቀት ይህን ያህል ማውጣቱ አያስቆጣኝም። ወርቅንም ያስወደደው ማነሱና የሰው ምኞት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

በካርድ ገበያ ማዕዘኑ ያልደበዘዘና ጠርዙ ያልተጎዳ ካርድ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ነጋዴ በ1985 አንዲት የዋግነር ካርድ በ25 ሺህ ዶላር ገዛ፤ በ1987 በ110 ሺህ ሸጣት። በ1991 የበረዶ ሆኪው ዝነኛ ዌይን ግሬትዝኪ ከሸሪኩ ጋር በ451 ሺህ ገዛት። ደረጃ መዳቢው ፒ.ኤስ.ኤ. ከ10 ነጥብ 8 ሰጣት። በ2007 ዋጋዋ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2013 ያ የመጀመሪያው ነጋዴ በማጭበርበር ተከሶ ጥፋተኛነቱን ሲያምን፣ የካርዷን ጠርዝ መከርከሙንም አመነ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ማን ተጎዳ?» ሊል ይችላል። ካርዷ እጅ በለወጠች ቁጥር ዋጋዋ ጨምሯል፤ የሸጠም አትርፏል። ደግሞስ ካርድ ሁሉ መጀመሪያ ከሰፊ ወረቀት ላይ ተቆርጦ የወጣ አይደለም?

ነው። በደሉም መቁረጡ ላይ አይደለም። «ከርክሜያታለሁ» ብሎ ቢሸጣት ኖሮ የተከረከመች ካርድ ሻጭ ይሆን ነበር እንጂ አጭበርባሪ አይባልም። እሱ የሸጠው ግን ከሰባ ዓመት በላይ ሳይጎዱ የመቆየትን ዕድል ነው፤ ያ ዕድል ደግሞ በእጁ አልነበረም።

የተጎዳውም ሰው አለ። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰብሳቢ፣ ማዕዘኗ የደበዘዘውን ካርዱን ሳይነካ እንዳለች አኑሯል። ደረጃ ማለት ማወዳደር ነውና፣ የተከረከመችው ከፍ ባለች ቁጥር የታማኙ ሰው ካርድ ዝቅ ትላለች። እሱ ግን መበደሉን እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህም አይከስም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የዚህች ካርድ እውነት ከ1987 እስከ 2013 ድረስ 26 ዓመት ፈጀበት። ዋጋዋ ግን እውነቱን ቆማ አልጠበቀችም። የሰፈራችን ልጆች የተሰነጠቀውን ብይ ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃቸው ነበር፤ ምክንያቱም ሻጩም ገዢውም በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።