ሣቅና ቅዱስ ፍቅር

ፍቅር ከእግዚአብሔር የተሰጠ ቅዱስ ነገር ከሆነ፣ በሲኒማ ሊሣቅበት ይገባልን? ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም፤ ሲኒማ ለአገራችን እንግዳ በነበረበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ ሥዕሉ የሚታይበትን አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» እያለ ይጠራው ነበርና። እኔ ግን ምድር ባቡርና ፋብሪካ ከየአውራጃው የሰበሰበው የአቃቂ ሠራተኛ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሽመና መኪና ጩኸት መካከል ሲደክም ሰንብቶ፣ በዕረፍቱ ቀን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚያስቅ የፍቅር ፊልም ሲመለከት፣ ነፍሱ የምትሻው ድካምን መርሳት ብቻ ነው ለማለት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ለዚህ ነገር ምስክር አድርጌ የምጠራው የቻርሊ ቻፕሊንን «የከተማ መብራቶች» ነው። ፊልሙ የወጣው በ1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው፤ ሲኒማ በዚያን ጊዜ መናገር ጀምሮ ሳለ ቻፕሊን ተዋንያኑን ያለ ንግግር ስላቆማቸው፣ አማርኛና ኦሮምኛ፣ ጉራግኛም በአንድ ሰፈር በሚሰማበት በአቃቂ ያለ አስተርጓሚ ሊታይ ይችላል። በውስጡ አንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ አለች፤ አንድ ቤት የሌለው ምስኪን በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በር ሲወጣ፣ የበሩን መዘጋት ሰምታ ባለጸጋ ይመስላታል። ቻፕሊን ይህችን አጭር ትዕይንት ልኳን እስኪያገኝ ድረስ እጅግ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ቀርጿታል፤ ድካሙም የሚገባ ነበር፤ የታሪኩ ሁሉ መሠረት በዚያች በር ድምፅ ላይ ቆሟልና።

ምስኪኑ ልጅቱን ለመርዳትና ዓይኗን ለማሳከም ሲል ጎዳና ይጠርጋል፣ በቡጢ ግጥሚያ ይደበደባል፣ በኋላም ባልሠራው ስርቆት ይታሰራል። ከወህኒ ወጥቶ በተቀዳደደ ልብስ በሱቋ መስኮት ፊት ሲቆም፣ ዓይኗ የበራላት ልጅ ትሥቅበታለች፤ ከዚያም አዝናለት አበባና ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ስትይዝ ታውቀዋለች። በኦሪት ዘፍጥረት ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ የያዕቆብን እጅ ዳስሶ ተሳሳተ፤ ይህች ልጅ ግን ዓይኗ ያሳታትን እጇ መለሰላት። በሐሳቧ ያቆመችው ባለጸጋ በዚያው ቅጽበት ፈረሰ፤ የቀረላት ስለ እርሷ ራሱን ያዋረደው ሰው ነው፤ ሣቋም መንገዱን ጠረገላት እንጂ ፍቅርን አላረከሰም። በፋብሪካ መዝገብ እጁ እንጂ ነፍሱ የማይቆጠርለት ሠራተኛ፣ አንድ ሰው በእጁ ሲታወቅ አይቶ ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል?

መጽሐፍ ቅዱስም ሣቅና ፍቅር ከሚገናኙበት ከዚህ ዓይነቱ ደስታ አልራቀም። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቆጥረው መጽሐፈ ጦቢት እንደሚተርከው፣ ክፉ ጋኔን ሰባት ባሎቿን በየሠርጉ ሌሊት የገደለባት ሣራ ነበረች፤ የጦቢት ልጅ ጦብያም ስምንተኛ ሆኖ በመልአኩ በሩፋኤል መሪነት አገባት። አባቷ ራጉኤል ይህም እንደ ፊተኞቹ ይሞታል ብሎ ፈርቶ፣ ማንም ሳያውቅ ሊቀብረው በሌሊት መቃብር አዘጋጀ። ይህን የሚያነብ ሰው በአማቱ ፍርሃት ፈገግ ሳይል፣ ፈገግታውም ምስጋና ሳይሆንበት እንዴት ያልፈዋል? ገረዲቱ ወደ ጫጉላው ቤት ገብታ ሁለቱን በደኅና ተኝተው ባገኘቻቸው ጊዜ፣ ራጉኤል እግዚአብሔርን አመስግኖ መቃብሩን እንዲደፍኑት አዘዘ፤ ሠርጉንም 14 ቀን አደረገው።