ፊሽካ ላንጠለጠላችሁ ልጆቼ

በጨለለቂም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ልጆች ሰብስባችሁ ፊሽካ የምትነፉ ወጣቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አሰልጣኝ ተብሎ መጠራት ያኮራል፤ ያኩራችሁ። ግን የያዛችሁት ሥራ የመምህር ሥራ መሆኑን አትርሱ። ይህን ከማንም በላይ ያሳየኝ የአንድ የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሕይወት ስለሆነ ስለ እርሱ ልንገራችሁ።

ጆን ውድን በ1910 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢንዲያና በተባለ የአሜሪካ ግዛት ተወለደ። ያደገበት የገበሬ ቤት መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። እናቱ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ ኳስ ሰፋችለት፤ አባቱ የቲማቲም ቅርጫት ወለሉን አውጥቶ ግድግዳ ላይ ቸነከረለት። የጨርቅ ኳስ ምን እንደሆነ ለወለጋ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከኮሌጅ ሲወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ፤ ከማስተማሩ ጎን ደግሞ የትምህርት ቤቱን ቡድን ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት 6 ጨዋታ አሸንፎ 11 ተሸነፈ። ይኸው ሰው ነው በኋላ በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ የወሰደው፤ 88 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውም እርሱ ነው።

ዋንጫውን እዚህ ላይ እንተወው። እኔን የሚገርመኝ የልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከመላው አሜሪካ የተመረጡትን ወጣቶች አስቀምጦ በቅድሚያ የሚያስተምራቸው ካልሲ አጠላለቅና ጫማ አስተሳሰር ነበር። ካልሲው ተረከዝ ላይ ከተጨማደደ እግር ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃ የቋጠረ እግር ልምምድ ያስቀራል፤ ልምምድ የቀረ ልጅ ለጨዋታ አይደርስም። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጁ የሚጫወተው ብዙ ጊዜ ከታላቅ ወንድሙ በወረሰው ሰፊ ጫማ ነው። ስለዚህ ኳሱን ከማውጣታችሁ በፊት እግራቸውን እዩ። ጎንበስ ብሎ የልጅን ጫማ ማሰር አሰልጣኝን አያዋርደውም።

አሁን ወደ አንደበታችሁ ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በ1974 እና 75 የውድድር ዘመን ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን ውድን በልምምድ ላይ የሚለውንና የሚያደርገውን ከዳር ተቀምጠው አንድ በአንድ መዘገቡ። 2,326 የማስተማር ድርጊት ቆጠሩ። ሙገሳው 6.9 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቅሬታውም 6.6 በመቶ። 75 በመቶው ትምህርት ነው፦ ምን ይደረግ፣ እንዴት ይደረግ፣ መቼ ይደረግ። ልጅ ሲሳሳት ውድን ትክክለኛውን ራሱ ሠርቶ ያሳያል፣ ከዚያ የልጁን ስህተት አስመስሎ ያሳያል፣ ከዚያ ትክክለኛውን ይደግማል። ሁሉም በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ልምምዱም ይቀጥላል። «ምን ነካህ አንተ!» ብሎ መጮህ ግን ለልጁ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አይነግረውም። ነገ ስትወጡ አንድ ጓደኛችሁን ከዳር አስቀምጡና ስድባችሁንና ትምህርታችሁን ይቁጠርላችሁ።

ውድን ለሁለት ሰዓት ልምምድ ጠዋት ከረዳቶቹ ጋር ተቀምጦ ደቂቃ በደቂቃ ያቅድ ነበር። ማስታወሻውንም ከዓመት ዓመት ያስቀምጣል። እናንተም አንድ ደብተር ከእጃችሁ አይጥፋ። የወለጋ ክረምት ሜዳውን ጭቃ ሲያደርገው ያለ ዕቅድ የመጣ አሰልጣኝ ልጆቹን ወደ ቤት ይመልሳል፤ ዕቅድ ያለው ግን ባዶ ክፍል ለምኖ አቋቋምና ቅብብል ያስተምራል።

ሎስ አንጀለስ የገባው በ1948 ነው፤ የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በ1964። ልብ በሉ፣ 16ኛ የውድድር ዘመኑ ነበር። ለዓመታት የሠራው የትግል ስፖርተኞችና ጂምናስቲከኞች በሚጋሩት አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ ከልምምድ በፊት ወለሉን ራሱ ይወለውል ነበር። የ1964ም የ1965ም ዋንጫ የተገኘው በዚያ አዳራሽ እየተለማመዱ ነው። አዲሱ ትልቅ አዳራሽ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳ እስኪሠራልኝ፣ ኳስ እስኪገዛልኝ የሚል ወጣት ይህን ያስብልኝ። ከራሳችን አገርም አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ተመልከቱ። በአርሲ በቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5 ሺና በ10 ሺ ሜትር እያንዳንዳቸው ሁለት ወርቅ ያጠለቁት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። ያን ሁሉ ዓመት ማለዳ የሚወጡት ከትንሽ ከተማ ልጆች ጋር ነበር።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1947 ውድን የኢንዲያና የመምህራን ኮሌጅን ያሰለጥን በነበረበት ጊዜ ቡድኑ ለአገር አቀፍ ውድድር ተጋበዘ። ውድድሩ ጥቁር ተጫዋች አይቀበልም ነበር፤ በቡድኑ ውስጥ ክላረንስ ዎከር የሚባል ጥቁር ልጅ አለ። ዎከር ብዙ የሚሰለፍ ተጫዋች አልነበረም፤ ቀርቶም ቢሆን ቡድኑ ሄዶ መጫወት ይችል ነበር። ውድን ግብዣውን መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው ሲነሳ ዎከርን ይዞ ሄደ፤ ለፍጻሜ ደርሰው በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተሸነፉ። ያን ሽንፈት ከ10ሩ ዋንጫ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

በእናንተም ቡድን ውስጥ ዎከር አለ። ቋንቋው ወይም ሃይማኖቱ ከሌሎቹ የተለየ፣ ወይም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ፣ ወይም አባት የሌለው ይሆናል። ለውድድር ወደ ነቀምቴ ስትመጡ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጣ አንድ ልጅ ካለ፣ እስኪሞላለት ድረስ ሌሎቹን አታሳፍሩ።