ሄዶ የታጠበው ዕውር

ጌታችን በቃሉ ብቻ ሊፈውስ ሲችል፣ ዕውር ሆኖ ለተወለደው ሰው ዓይኑን በጭቃ ቀባውና ሄዶ በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ አዘዘው (ዮሐ. 9)። ፈውሱ የእግዚአብሔር ነው፤ ሄዶ መታጠቡ ግን የሰውየው ድርሻ ነበረ።

በአገራችን ገጠር የብዙዎችን የዓይን ብርሃን የሚነሣው ትራኮማ ይህን ድርሻችንን ያስታውሰናል። ሕመሙ ከሕፃናት ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ለዓመታት ሲደጋገምም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌንን ያቈስላል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። ሕፃናትን የሚንከባከቡት ሴቶች ስለሆኑ፣ ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ የሚደርሱት በዚህ ደዌ ይታወራሉ።

ደዌው በሚበዛባቸው ወረዳዎች የጤና ሠራተኞች አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት በየዓመቱ ያድላሉ፤ የታጠፈውንም ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ያቀናሉ። ነገር ግን የልጁ ፊት ሳይታጠብ ከዋለ፣ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድርም ዝንብ ከተራባ፣ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

ውኃ ከሩቅ በጀርባዋ ተሸክማ ለምትመጣ እናት «ልጅሽን እጠቢ» ብሎ መምከር ብቻ ሸክም መጨመር ነው። ስለዚህ አባቶችና ወጣቶች ውኃውን አብረን እንቅዳ፤ መጸዳጃውንም እንቈፍር። እናንተም ካቴኪስቶች፣ ሕፃናት ከትምህርት በፊት ፊታቸውን እንዲታጠቡ አስለምዱ፤ ለዚህ ጥቂት ውኃ ይበቃል። ማበሻ ጨርቅም አይዋዋሱ።

በሰሊሆም ለታጠበው ሰው ዓይኑን ያበራለት ጌታ የልጆቻችንን ዓይን ይጠብቅልን፤ እኛንም ለድርሻችን ያትጋን። አሜን።