ውኃ የጠጣ ታንኳ

በጣና ሐይቅ ላይ፣ ከዘጌ ማገዶ በደንገል ታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር የሚያራግፍ አንድ ወጣት ነበር። እናቱን ያስታምማል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ስለዚህ ማረፍ ከቤተሰቡ ጉርሻ መስረቅ ይመስለዋል። ማታ ታንኳውን ከውኃው ሳያወጣ ግንድ ላይ ያስርና ጎሕ ሳይቀድ ተመልሶ ይነሣል።

ጎረቤቱ አዛውንት ልማዳቸው ሌላ ነበር። ጭነታቸውን ባራገፉ ቁጥር ታንኳቸውን ጎትተው ያወጡና ዋርካው ላይ ያስደግፉታል። ውኃው ከደንገሉ ጠብ ጠብ ሲል፣ እሳቸው ጥላው ሥር ቡናቸውን እየጠጡ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ይጨዋወታሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ቡና ሲጠጡ እኔ አንድ ጉዞ እደርባለሁ» ይላቸዋል ልጁ።

«ደርብ ልጄ፣ ደርብ።»

ሳምንታት አለፉ። መንገዱ ያው፣ ጭነቱም ያው፤ ታንኳው ግን እየከበደ ሄደ። ልጁ ክንዱን ጠረጠረ። «ሰነፍኩ» ብሎ እንቅልፉን ቀነሰ። ምሳው ቆሞ የሚቆረጥም ቆሎ ሆነ። ሰው ሲጠራው «ጊዜ የለኝም» አለ። አንድ ማታ ውኃ በለመነችው እናቱ ላይ ጮኸ፤ ለምን እንደጮኸ ራሱም አላወቀም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የታንኳው አፍንጫ ሰጠመ፣ ማገዶው ተበተነ፤ እሱም መቅዘፊያ ቀርከሃውን ታቅፎ እንደምንም ዳር ወጣ።

አዛውንቱ የተጎተተውን ታንኳ በመዳፋቸው ተጫኑት። ከደንገሉ ውኃ ተንዠቀዠቀ።

«ክንድህ አልሰነፈም፤ ታንኳህ ውኃ ጠጥቷል። ደንገል የሚንሳፈፈው ሆዱ አየር ስለያዘ ነው። የአየሩን ቦታ ውኃ ከያዘው፣ ማገዶውን ብቻ ሳይሆን ጣናንም ጭነህ ትቀዝፋለህ።»

«ታዲያ ባደርቀው እንደ አዲስ ይሆናል?»

«አይሆንም። ቢያደርቁትም ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ለነገ ግን ይቀልልሃል። ማሰሪያው ከላላ ደግሞ ብቻህን አትታገለው፤ ለሚያውቅ ሠሪ አሳየው፤ ነውር የለውም።» ትንሽ ዝም ብለው አዩትና፣ «አንተስ ከውኃ የወጣኸው መቼ ነው?» አሉት።

ልጁ መልስ አጣ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁለት ታንኳዎች ዋርካው ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የእናቱ ሕመም አልጠፋም፤ ማገዶውም አልቀለለም፤ በዚያ ላይ ጉዞ ቀንሷል። ግን ምሳውን ተቀምጦ ይበላል፣ በጊዜ ይተኛል፣ የከበደውን ለአዛውንቱ ይናገራል። እናቱም ኮቴውን ስትሰማ መሳቀቅ ትታለች።

አንባቢዬ፣ ጭነትህን ዛሬ ማራገፍ ባትችል እንኳ ታንኳህን ማታ ማታ ከውኃ አውጣ። ደርቆም አልቀልል ካለህ፣ ሐኪም ማማከር ታንኳን ወደ ሠሪው ከመውሰድ አይለይም።