ያልተነበበው ኪታብ የማን ነው?

 

ዛሬ የምናስበው ነገር ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ለቡ ኮንዶሚኒየም ላይም ኑሩ ሙዚቃ ሰፈር፣ ቡፌው ላይ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወይም አልጋ ስር ባለች ካርቶን ውስጥ ገዝታችሁ ያልገለጣችኋቸው መጻሕፍት አሉ። አንዳንዶቹ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት ኪታብ ቤቶች የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ከመንገድ ላይ አዟሪ የተገዙ፣ አንዳንዶቹ ስጦታ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከጓደኛ ተውሳችሁ ያልመለሳችኋቸው። ስልካችሁን ብትከፍቱ ከቴሌግራም የወረደው ፒዲኤፍ ተቆጥሮ አያልቅም። "ረመዷን ሲገባ አነባቸዋለሁ" ተባለ፤ ረመዷን ገብቶ ወጣ። "ፈተና ልጨርስና" ተባለ፤ ፈተናውም አለቀ። መጽሐፉ ግን እዚያው ነው፤ አቧራ ለብሶ ይጠብቃል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ያልተነበበ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ጥፋት ነው? በሐላል ገንዘብ የተገዛ ነው። ማንንም አልጎዳም። ምግብ አይደል አይበላሽም። ታዲያ ባየነው ቁጥር ለምንድን ነው ዕዳ ያለብን የሚመስለን?

መጽሐፍ ስንገዛ የምንገዛው ወረቀት ብቻ አይደለም። ልንሆነው የምንፈልገውን ሰውም አብረን እንገዛለን። የሲራ መጽሐፍ ያነሳ ወጣት ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በወሬ ሳይሆን በእውቀት የሚወድ ሰው መሆን ፈልጓል። የታሪክ መጽሐፍ የገዛች እህት አገሯን ሰው ከሚነግራት በላይ ማወቅ ፈልጋለች። ይህ መልካም ኒያ ነው፤ አላህም ዘንድ አይጠፋም። በጎ ነገር ሊሠራ አስቦ ያልሠራ ሰው አንድ ሙሉ ምንዳ እንደሚጻፍለት፣ ከሠራው ደግሞ ከአሥር እስከ ሰባት መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ እንደሚጻፍለት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። የአላህ ችሮታ ሰፊ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን አይታችሁ ራሳችሁን አትስደቡ።

ነገር ግን ኒያና ምኞት አንድ አይደሉም። መለያቸው "ምን ከለከለህ?" የሚለው ጥያቄ ነው። እናቱን ሆስፒታል ሲያስታምም የከረመ ሰው፣ ቀን ሠርታ ማታ የምትማር ልጅ ምን እንደከለከላቸው አላህ ያውቃል። በየምሽቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ስልክ ላይ አጭር ቪዲዮ ሲያገላብጥ የሚያመሽ ሰው ግን "ጊዜ አጣሁ" ቢል ማንን ያሳምናል? ኒያ የሚባለው ልብ ወስኖ፣ መንገዱ ሲገኝ እግር የሚነሳበት ነው። መንገዱ ተከፍቶም የማይነሳ ከሆነ ምኞት ነበር ማለት ነው።

ሌላም ስውር ነገር አለ። መግዛቱ ራሱ ደስ ይላል። ከመጽሐፍ ቤት ስንወጣ የተማርን ያህል ይሰማናል። ሽፋኑን ፎቶ አንስተን ስቴተስ ላይ እንለጥፋለን፤ "ማሻአላህ" ይባልልናል። የማንበብ ክብሩን ሳናነብ ወሰድን። ክብሩ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ የመቀመጡ ጉጉት ይቀዘቅዛል። የእውቀት ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱን ይዘን ፍሬውን መተው።

ሱረቱል ጁሙዓን አስታውሱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጁሙዓ ሶላት ላይ ይቀሯቸው ከነበሩት ሱራዎች አንዷ ናት። በአምስተኛው አንቀጿ አላህ ተውራትን ተሸክመው ያልሠሩበትን ሰዎች መጻሕፍት በጀርባው በተጫነ አህያ መስሏቸዋል። ዑለማዎች ማስጠንቀቂያው ለነሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቁርአንን ተሸክሞ ለማይሠራበት ሁሉ እንደሆነ አስተምረዋል። እስቲ ምሳሌውን አስተውሉት። የመጽሐፍ ጭነት ከጤፍ ጭነት በምን ይለያል? በጀርባ ላይ ሲሆን በምንም አይለይም፤ ሁለቱም ክብደት ብቻ ናቸው። መጽሐፍ መጽሐፍ የሚሆነው ከጀርባ ወርዶ ወደ ልብ ሲገባ ነው። በእርግጥ አንቀጹ የወረደው መጽሐፍ ገዝቶ ስላስቀመጠ ሰው አይደለም፤ የአላህን ቃል ተሸክሞ ስለጣለ ሰው ነው። ሆኖም እያንዳንዳችን "እኔ ዘንድ ያለው እውቀት ጀርባዬ ላይ ነው ወይስ ውስጤ?" ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

በሌላ በኩል ፍትሐዊ እንሁን። ያልተነበበ መጽሐፍ ሁሉ ነውር አይደለም። ጃፓኖች መጽሐፍ ገዝቶ ሳያነቡ መከመርን የሚገልጹበት "ፁንዶኩ" የሚል ቃል አላቸው፤ ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ወደ 30,000 የሚጠጋ መጽሐፍ እንደነበረው የሚነገርለት ጣሊያናዊው ጸሐፊ ኡምቤርቶ ኤኮ "ይህን ሁሉ አንብበኸዋል?" የሚሉ እንግዶች ምን ያህል እንደሚያስቸግሩት ጽፏል። እውነቱን ነው፤ መዝገበ ቃላትን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነብ የለም። የሐዲስ ስብስቦችም ሆኑ ትላልቅ የተፍሲር ቅጾች ጥያቄ ሲነሳ የሚገለጡ ናቸው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ እንደ ቤት ውስጥ መድኃኒት ነው፤ ባይነካም ሥራ ላይ ነው። ገና ያላነበባችሁት መደርደሪያ "አሁንም የማላውቀው ብዙ ነው" ብሎ ትሕትና ካስተማራችሁም መልካም ነው። ጥያቄው የሚከብደው ለማንበብ በተገዛውና ለጌጥ በቀረው ላይ ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ከራሳችን አገር እንፈልግ። ወሎ ውስጥ ጃማ ንጉሥና ዳናን የመሰሉ የዒልም ማእከሎች ነበሩ። ደረሳው ስንቁን ይዞ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ፊቅሁን ከአንዱ፣ ነሕዉን ከሌላው ይቀራል። የታተመ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ኪታቡን በእጁ ገልብጦ ነበር የሚማረው። እንዲህ ያለ ደረሳ ሙሉ ሀብቱ አንድ ወይም ሁለት ኪታብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ አንዱ ኪታብ በመስመር መስመር ተቀርቷል፤ ብዙውም በቃል ተይዟል። ዛሬ እኛ ስልካችን ውስጥ የያዝነውን ያህል እነዚያ ደረሶች በዕድሜያቸው አላዩም። እነሱ ዓሊም ሆነው ወጡ፤ እኛ "ሜሞሪ ሞላብኝ" እንላለን።

ከለቡ ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው መስመር ድሬዳዋ ብትወርዱ፣ ከዚያ ሐረር ቅርብ ናት። የሐረር ጀጎል ሰዎች ኪታብ በመጻፍና በመጠረዝ የታወቁ ነበሩ። በ1855 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ገብቶ አሥር ቀን ያህል የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንኳ የመጽሐፍ አጠራረዛቸውን ጥንካሬና ውበት አድንቆ ጽፏል። ዛሬ በከተማዋ በስማቸው የሚጠራውን ሙዚየም ያቋቋሙት አብዱላሂ ሸሪፍ እነዚያን የእጅ ጽሑፎች ከየቤቱ ሰብስበው ከጥፋት ታድገዋል። ከሐረር የእጅ ጽሑፎች መካከል "ወቅፍ" ተደርገው የተሰጡ አሉ።

ወቅፍ የሚለውን ቃል እንያዘው፤ የጥያቄያችን ቁልፍ እዚህ ነውና። ወቅፍ ማለት ዕቃው ተይዞ ጥቅሙ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ኪታቡ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ መነበቡ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ይህን ያደረጉ አባቶቻችን አንድ ነገር ገብቷቸዋል። መጽሐፍ ሁለት ነገር ነው፤ ወረቀቱና ጥቅሙ። ወረቀቱ የገዛው ሰው ነው። ጥቅሙ ግን የሚያነበው ሰው ነው።

እንግዲህ ካርቶን ውስጥ ያለው ያልተነበበ ኪታብ የማን ነው? ወረቀቱ የናንተ ነው፤ ማንም አይከራከራችሁም። ጥቅሙ ግን ገና ባለቤት አላገኘም። ካነበባችሁት የናንተ ይሆናል። ካላነበባችሁት ይህንኑ መጽሐፍ አጥቶ የሚፈልግ ሌላ ልጅ አለ፤ ምናልባትም እዚያው ብሎክ ላይ። ያ ዕዳ የሚመስለን ስሜት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። ዕዳው ለወረቀቱ አይደለም፤ ለቆመው ጥቅም ነው። የውሃ ቧንቧ ዘግቶ "ውሃው የኔ ነው" ማለት ይቻላል፤ ግን የተዘጋ ውሃ ማንንም አያጠጣም፣ ዘጊውንም ጭምር። በትንሣኤ ቀን ሰው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ወጣትነቱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ እውቀቱ እንደሚጠየቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አንድ ያልተነበበ መጽሐፍ አራቱንም ይነካል፤ በገንዘብ ተገዛ፣ በወጣትነት ተተወ፣ ዕድሜ አለፈበት፣ እውቀቱም ሳይደርስ ቀረ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዛሬ ከዐስር በኋላ ካርቶኑን አውጡትና መጻሕፍቱን በሦስት ክፈሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲኖር የሚገለጥ ነው፤ እሱን በክብር መደርደሪያ ላይ አድርጉት፤ ዕዳ የለባችሁም። ሁለተኛው በእውነት የምታነቡት ነው። ሦስተኛው እንደማታነቡት ልባችሁ የሚያውቀው ነው። እሱን ለሰፈር መስጊድ፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ለጎረቤት ልጅ ስጡት። የተዋሳችሁትን ለባለቤቱ መልሱ፤ እሱ አማና ነው፣ ምርጫ የለውም። መስጠት ሽንፈት አይደለም፤ የቆመውን ጥቅም መልቀቅ ነው። እናንተ ገዝታችሁት ሌላው ቢያነበውና ቢጠቀምበት አጅሩ ለናንተም ይደርሳል ብለን ከአላህ ተስፋ እናደርጋለን።

ለሁለተኛው ክምር ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ባለ 200 ገጽ የሆኑ 30 መጻሕፍት ቢኖሩ 6,000 ገጽ ነው። በቀን አሥር ገጽ ብታነቡ በ600 ቀን ያልቃል፤ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። አሥር ገጽ ማለት ጠዋት ከለቡ ወደ ሜክሲኮ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ፣ ከዚያም ጀርመን አደባባይ ላይ መንገዱ ተዘግቶ የምትቆሙበት ጊዜ ነው። አላህ ዘንድ ከሁሉ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ታውቃላችሁ። በአንድ ሌሊት መቶ ገጽ አንብቦ ወር የሚጠፋ ሰው፣ አሥር ገጿን ከማያቋርጥ ሰው ጋር አይደርስም።

ከየትኛው እንጀምር ካላችሁ፣ በብዙዎቻችን ቤት ከሁሉም በላይ የተቀመጠ፣ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ መጽሐፍ አለ። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሸይኽ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የደከሙበት የአማርኛ የቁርአን ትርጉም በ1961 ዓ.ም ታትሞ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የሚናገር ሙስሊም "ዐረብኛ አላውቅም፤ መልእክቱ አልደረሰኝም" የሚልበት በር ጠቧል። ስንቶቻችን ከፋቲሓ እስከ ናስ በምንረዳው ቋንቋ አንድ ጊዜ ጨርሰነዋል? የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። በቀን የሁለት ገጽ ትርጉም ያነበበ ሰው በ302 ቀን ይጨርሳል። ያልተነበቡ መጻሕፍቶቻችሁን ስትቆጥሩ ይህንን አስቀድማችሁ ቁጠሩት።

በመጨረሻ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት መያዝ ይችላል። በየወሩ አንድ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን በ40 ዓመት 480 ብቻ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ማንም ሁሉንም አይጨርስም፤ አልታዘዝንም። የመጀመሪያው ወሕይ "አንብብ" የሚል ትእዛዝ ይዞ ሲወርድ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጅ አንድም መጽሐፍ አልነበረም። የተጠራነው በጌታችን ስም ወደ ማንበብ እንጂ ወደ መሰብሰብ አይደለም፤ ወደ መጨረስም አይደለም። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ሊጠይቃቸው ከመጣ ተማሪ ጋር ስለ ሐጅ ጠጠር አወራወር ይወያዩ እንደነበር ይተረካል። ተማሪው ከቤቱ እንደወጣ ሞቱ። እውቀትን አልጨረሱትም፤ ነገር ግን ሞት ሲመጣ እውቀት ላይ አገኛቸው። ለኛም የሚበቃን ይህ ነው፤ ሞት ሲመጣ በገለጥነው ገጽ ላይ እንዲያገኘን።

ከመግሪብ በፊት ያለችው የጁሙዓ ሰዓት ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት እንደሆነች ተስፋ ይደረጋል። እንዲህ እንበል፦ ያ አላህ! ከማይጠቅም እውቀት በአንተ እንጠበቃለን። እጃችን ላይ ያለውን ወደ ልባችን አስገባልን፤ የማንጠቀምበትን ለሚጠቀምበት የምናደርስ አድርገን። እውቀታችንን ለኛ ማስረጃ አድርገው፣ በኛ ላይ አታድርገው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።