ሙት ወቃሽ

ጡረታ የወጣሁት ከፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ነው። እኛ ቤት የአንድ ጉዳይ መጨረሻ የታወቀ ነው፤ ውሳኔው በችሎት ይነበባል፣ ግርጌው ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ይባላል፣ ዳኞቹ ይፈርማሉ። ቤተ ክርስቲያኔ ደግሞ ለሟች ፍትሐት ታደርሳለች። ካህኑ በጸሎቱ ሹመት አይጠራም። ሚኒስትሩም ዘበኛውም በክርስትና ስማቸው ነው የሚነሱት፤ ክቡር የለ፣ ደጃዝማች የለ። የሚለመነውም ምሕረት ነው። ይህ እኩልነት ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ግን ምሕረት ከተለመነ በኋላ ጥያቄ ይቀራል ወይ?

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሄድኩ ቁጥር በስድሳዎቹ መቃብር በኩል አልፋለሁ። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከርቸሌ ውስጥ ያለ ፍርድ ረሽኖ በጅምላ የቀበራቸው ባለሥልጣናት ናቸው፤ አፅማቸው እዚህ ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከ1953 እስከ 1966 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አንዱ ናቸው።

እዚያ ቆሜ የወሎን ረኃብ ሳነሳ ጓደኞቼ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ይሉኛል። እኔ መውቀሴ አይደለም፤ መጠየቄ ነው። በ1965 ወሎ ውስጥ ሰው በረኃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ማን አዘዘ? ሪፖርቱ ማን ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ከረመ? በ1966 የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የባለሥልጣናቱን ጉዳይ ሲያጣራ ነበር። ደርግም መስከረም 1 ቀን 1967 የጆናታን ዲምብልቢን የረኃብ ፊልም በቴሌቪዥን አሳይቶ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ሁለት ወር እንዳለፈ ግን መልስ ሊሰጡ የሚችሉትን ሰዎች ገደለ። በሙያዬ ዓይን ሳየው መዝገቡ ተከፈተ እንጂ ውሳኔ አላገኘም።

ያለ ፍርድ መገደል ለተገዳዩ ግፍ መሆኑን ማንም ያውቃል። የወሎን ሰው ደግሞ ዳግመኛ በደለው፤ ልጆቹን የቀበረ ገበሬ ችሎት ቆሞ ቃሉን ሳይሰጥ ቀረ። ዛሬ ስድሳዎቹን አንዱ በጅምላ ሰማዕት፣ ሌላው በጅምላ ጥፋተኛ ይላቸዋል። ሥራቸው ግን አንድ አልነበረም፤ ከመካከላቸው የደርግ አባል የነበሩ ወታደሮች እንኳ ነበሩ።

ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ከልቤ። የነፍሳቸው ነገር የእግዚአብሔር ነው። የመንግሥት ሥራቸውንም ለእሱ ጥሎ መሄድ ግን ከኛ ግዴታ መሸሽ ነው። አክሊሉ እስር ላይ ሳሉ የጻፉት ማስታወሻ ታትሟል፤ ከጎኑ ሊቆም የሚገባው የወሎ ሰው ቃል የለም። በዚያ ካቢኔ ውስጥ ስለ ረኃቡ ተነስቶ የተከራከረ ሚኒስትር ከነበረም፣ ምስክር ተሰምቶ ስሙ ሊነጻ ሲገባው፣ ዝም ካሉት ጋር ተደባልቆ ቀርቷል።