ሥራ የማይሠራው ክር

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከቁጥር ይሸሻል ይባላል፤ እኛም ሸሽተን የመጣን ነን። ዳሩ ግን አንድ ማታ የፊዚክስ ተማሪ የሆነው ወዳጃችን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያሰላ አገኘነውና፣ «እስቲ ለእኛም አስረዳን» አልነው። ከዚያች ማታ የተረፈንን ጥያቄ ነው ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ከሚስማር ላይ ታስሯል፤ በጫፉም 1 ኪሎ የሚመዝን ኳስ ተንጠልጥሏል። ክሩ እንደተወጠረ ኳሱን ወደ ጎን 60 ዲግሪ ስበን ብንለቀው፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው?

እኛ መንገዱን በሙሉ ልንከተል ሞከርን፤ አልሆነልንም። ኳሱ የሚጓዘው በቅስት ነው፤ ክሩ የሚስብበት አቅጣጫም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ወዳጃችን ሳቀና፣ «ምን አደከማችሁ? መንገዱን ተዉት። ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ፣ በቃ!» አለን። ኳሱ ሲለቀቅ ከታችኛው ነጥብ በግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ያ ከፍታ የሰጠው እምቅ ጉልበት ታች ሲደርስ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይሆናል፤ ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋምና። የአየሩን ሰበቃ ከተውነው መልሱ በሁለት መስመር ወጣ፤ በሴኮንድ 3.13 ሜትር ገደማ።

ደስ አለን፣ ለምን እንዋሻለን! ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1638 ላይደን ከተማ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የሚመስል ነገር አስረድቷል። ክሩ መሐል ላይ ሌላ ሚስማር ገጥሞት የኳሱ መንገድ ቢቀየርም፣ ሚስማሩ እጅግ ዝቅ ካላለ በቀር፣ ኳሱ ያው ወደ ተነሣበት ከፍታ ይወጣል። ይህን ሲሰማ ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ ሰውስ እንዲህ ቢመዘን ምን አለበት? ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ! የመንገዱ ወሬ ምን ይሠራል?» አለ። ብዙዎቻችን «እውነት ነው» አልን። ለመሆኑ እውነት ነውን?

ሌላው፣ «ክሩስ?» ብሎ ጠየቀ። በሂሳቡ ውስጥ ክሩ የት ገባ? ወዳጃችን፣ «ክሩማ ሥራ አይሠራም» አለ። በፊዚክስ ቋንቋ አንድ ኃይል ሥራ ሠራ የሚባለው በእንቅስቃሴው መስመር ላይ ሲረዳ ወይም ሲቃወም ነው። ክሩ ግን ሁልጊዜ የሚስበው ወደ ሚስማሩ ነው፤ ኳሱ ደግሞ ሁልጊዜ ክሩን በ90 ዲግሪ አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ በጉልበት መዝገብ ላይ የክሩ ድርሻ ዜሮ ነው።

«እንግዲያው ክሩ ምንም አልለፋማ!» አልን። ወዳጃችን መልስ ሳይሰጥ ሌላ ሂሳብ ጀመረ፤ ይህንኛውን በኒውተን ሕግ። ኳሱ ሲለቀቅ ክሩ የሚሸከመው የኳሱን ክብደት ግማሽ ነው። ታች ሲደርስ ግን የክብደቱን እጥፍ፣ 19.6 ኒውተን ገደማ፣ ይሸከማል፤ ኳሱን ከመውደቅ መያዝ ብቻ ሳይሆን ቀጥ ብሎ እንዳይወረወር ወደ ቅስቱ መመለስም አለበትና። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ኳሱ እጅግ በሚፈጥንበት፣ ሁላችንም ፍጥነቱን በምናደንቅበት ቅጽበት፣ ክሩ ለመበጠስ ይቀርባል። ቢበጠስ ደግሞ ኳሱ ወደ ማዶው ከፍታ አይወጣም፤ ተወርውሮ መሬት ይወድቃል።

ዝም አልን። ከዚያ አንዱ ወዳጃችን ቀስ ብሎ ስለ ታላቅ እህቱ ያወራ ጀመር። እናታቸው ስትታመም ልጅቷ ከ7ኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ቤቱን ያዘች። «እህትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት፣ «ምንም፣ ቤት ነች» እያለ ሲመልስ ኖሯል። ያቺ ምንም የማትሠራ እህት ግን ሌሊት ተነሥታ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ በሽተኛ ታስታምማለች። እሱ ለመልቀቂያ ፈተና ሲያጠና በነበረበት ዓመት ጀሪካን እንኳ አላነሣም። እሱ በፈጠነበት ዓመት የእሷ ሸክም እጥፍ ሆነ። ይህን ሲነግረን እያንዳንዳችን የሞላናቸውን ቅጾች አስታወስን። «የእናት ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «የላትም» ብለን የጻፍን ስንቶች ነን?

ሕጉ ዋሸ ማለታችን አይደለም። የተጠየቀው ፍጥነቱን ነበር፣ ፍጥነቱን በትክክል መለሰ። ክሩ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ሂሳብ መያዝ አለበት። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ለሁሉም መልስ አደረግነው። ተነሥቶ የደረሰውን ስንቆጥር፣ ይዞ ያደረሰውን «ሥራ የለውም» አልን።

ከእኛ መካከል «እንግዲያው እናመስግናት፣ ይበቃል» ያሉ ነበሩ። አይበቃም እንላለን። ምሳሌ ሁሉ ከነገሩ ያንሳል፣ የእኛም ምሳሌ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። ክር የራሱ ከፍታ የለውም፤ ልውጣ አይልም፣ ዕድሜውንም አይቆጥርም። ያቺ ልጅ ግን በ7ኛ ክፍል ደብተሯን ስታጥፍ የራሷን ከፍታ ነው የተወችው። ምስጋና መልካም ነው፤ የተተወውን ግን አይመልስም።

ወዳጃችን በዚያው ሳምንት ወደ ቤት ደውሎ፣ «እቴ፣ የማታ ትምህርት ብትጀምሪስ?» አላት። እሷም፣ «ቤቱንስ ማን ይይዘዋል?» አለችው። እሱ ለጊዜው መልስ አጣ። እኛም ለእያንዳንዱ ቤት የሚሆን መልስ የለንም። ነገር ግን ያቺ ማታ አንድ ነገር አስተምራናለች፤ ክሩን በሌላ ክር ብንተካው እንኳ የኳሱ ክብደት ያው ነው። እሷ ስትማር ሸክሙን ከፊሉን የሚቀበል ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ወደየቤታችን ስንመለስ ጀሪካኑ በር ላይ ይጠብቀናል።